ከእርቁ በኋላ ወረቀት የጠየቁት ወይዘሮ ብርቄ

ወይዘሮ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የድሮ መሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ ባልደረባችን ፎቷቸውን ለጥፎ ከሥሩ «ትሑት፣ ሩህሩህ፣ ለሁሉም ቅርብ የነበሩት ጠበቃችን ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል» ብሎ ጽፏል። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ከዚያ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ተናደድኩ። ትሑት? ለሁሉም ቅርብ? ወይዘሮ ብርቄ?

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሶፍት አቀበለችኝና «እናትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አይ፣ አለቃዬ ነበሩ።»

ዞር ብላ በደንብ አየችኝ። ለአለቃው የሚያለቅስ ሰው አይታ የምታውቅ አልመሰለኝም።

ሰው ሲሞት የሚጻፍለት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይረው ለሚቀጥለው ሟች ያውሉታል። እኔ የማውቃቸው ወይዘሮ ብርቄ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ፣ ሰው ደስ ብሎት ሲያወራ መሃል ገብተው ወሬውን የሚያቀዘቅዙ፣ ለሰላምታ እንኳን ቃል የሚቆጥቡ ሴት ነበሩ። እወዳቸው ነበር። ከእናቴ ቀጥሎ እንደሳቸው የቀረጸኝ ሰው የለም። የምወዳቸው ግን እንደዚያ ስለነበሩ እንጂ ፎቷቸው ሥር እንደተጻፈው ስለነበሩ አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ እኔ በትክክል ልጻፍላቸው።

ቢሯቸው ኦሎምፒያ ነበር። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የመሰርሰሪያው ድምፅ በወለሉ በኩል ይመጣል። የተቃራኒ ወገን ጠበቆች ለድርድር ሲመጡ ድምፁ እየሰቀጠጣቸው ቶሎ ተስማምተው መሄድ ይፈልጋሉ። ወይዘሮ ብርቄ ቢሮ የማይቀይሩት ለዚህ ነው ተብሎ ይታሙ ነበር። እኔም ሐሜቱን አምናለሁ።

ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሞባይል አስመጪ ድርጅት ውስጥ ስልክ ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሕግ ጋር አልተዋወቅንም። «የቴክኒክ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለፈተና ስቀርብ ስለ ኔትወርክና ስለ ሶፍትዌር ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ወይዘሮ ብርቄ ግን ስለ ስልክ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጥግ ላይ ያለውን ወንበር በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይኼን ወንበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪልኝ። ያ ዱካ ግን እንዳይገባበት።»

ወንበሩ አጠገብ አንዲት ባለ ሦስት እግር ዱካ አለች። ቀላል መሰለኝ። «ጀርባ መደገፊያ ያለው መቀመጫ» አልኩ። ተነሡና ዱካዋን ወስደው ግድግዳው ሥር አስጠጓት፤ ተቀመጡባት፤ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ጣል አደረጉ።

«ይኸው፣ መደገፊያ አለው። ገባ።»

«ከራሱ ጋር የተያያዘ መደገፊያ…»

«በምን የተያያዘ?»

እንዲህ እያልን ቆየን። ላብ አጠመቀኝ። መጨረሻ ላይ ምን ብዬ እንደገለጽኩት ዛሬ አላስታውስም፤ እሳቸው ከዱካዋ ተነሥተው «ነገ ትጀምሪያለሽ» ማለታቸውን ግን አልረሳም። ወንበሩን በትክክል መግለጼን ተጠራጥሬ ስጠይቃቸው «አልገለጽሽውም። ግን አልተናደድሽም» አሉኝ። በውስጤ እንዴት እየተንጨረጨርኩ እንደነበር ቢያውቁ አይቀጥሩኝም ነበር።

ሥራችን የሞባይል ኩባንያዎች የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት፣ ጠብ ነበር። እንዴት እንደሆነ ለዘመድ ማስረዳት ያስቸግራል። ስልክ በእጅ ሲያዝ አንድ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ግን የብዙ ሰው ሐሳብ ተጠጋግቶ ይኖራል። ድምፅን የሚያጠራው የአንዱ ነው፤ ከአንቴና ጋር የሚያነጋግረው የሌላው ነው። ስልኩን የሚሠራው ሰው ከነዚህ ሁሉ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ጠቡ የሚመጣው የአንዱ ሐሳብ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር ሲጠፋ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ሲካሰሱ እኛ ዘንድ ጥቂት ሰነድ ለትርጉም መጥቶ ነበር። ቢሮው እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ፤ ሻይ ላይ ሳይቀር ክርክር ሆነ። ወይዘሮ ብርቄን የማን ደጋፊ እንደሆኑ ብንጠይቃቸው «የጭረቷ» አሉ። መሃላቸው ያለችውን መስመር ማለታቸው ነው።

«እስከ የት ድረስ?» የምትል ጥያቄ ነበረቻቸው። ማንኛውም ነገር ላይ ይጠይቋታል። ደንበኛ «ይህ ፈጠራ የኔ ነው» ሲል፣ «እስከ የት ድረስ?» ይላሉ። ልታገባ የነበረች ባልደረባችን «እጮኛዬ ሥራዬን እንድቀጥል ፈቅዶልኛል» ብላ ስትፈነድቅ፣ «እስከ የት ድረስ?» አሏት። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ አኩርፋቸው ነበር። ሲጠይቁ ጠቋሚ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ይጎትቱታል፤ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ያቆሙና ቀና ብለው ያዩሃል። መልስ ካልሰጠህ ጣቱ ከቦታው አይነሣም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ሥር ጫማቸውን ያወልቃሉ። አንድ ቀን ችሎት ፊት ተቀምጠን እንደዚሁ አውልቀው ኖሮ፣ ዳኛው ሲገቡ ሁላችንም ብድግ ስንል አንደኛው ጫማ ጠፋ። እኔ ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ጫማው ለካ ተንሸራቶ ከተከራካሪያችን ጠበቃ እግር ሥር ደርሷል። ወይዘሮ ብርቄ አንድ እግራቸው ባዶ እንደሆነ ቆመው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ክርክራቸውን አቀረቡ። ሰውየው ጫማውን ለመመለስም ለመተውም አፍሮ ሲቁነጠነጥ፣ ነገሩ ሁሉ ከአፉ ጠፋበት። ያን ቀን ስንወጣ ሲስቁ አየኋቸው። ሳቃቸው ቆንጆ ነበር።

አሁን ወደ ናሆምና ግርማ ልግባ። ወይዘሮ ብርቄን ያወቅኳቸው በዚያ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ በፊት አለቃዬ ብቻ ነበሩ።

ናሆም ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ሱቅ መሰል ቢሮ፣ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር የስልክ ሶፍትዌር የሚሠራ ወጣት ነበር። የፈጠረው ነገር ለመናገር ቀላል ነው። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ስልኩ ሌላውን ሁሉ ያጠፋና ለአንድ ጥሪ የምትበቃ ጉልበት ደብቆ ያስቀምጣል። ሞተ ብለህ ኪስህ የከተትከው ስልክ፣ ጭንቅ ሲመጣ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ያስደውልሃል። መብራት እየጠፋ ለሚቸገር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፓተንቱን ራሱ ጽፎ ራሱ አስመዝግቧል።

ግርማ ደግሞ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ላይ ስልክ የሚገጣጥም ድርጅት ያለው ሰው ነው። የናሆም ሚዜ ነበር። ናሆም ሥራውን ሲጀምር ግርማ አንድ የስልክ ሞዴል ላይ እንዲጠቀምበት በአፉ ፈቀደለት፤ በወንድሞች መካከል የምን ወረቀት። ቆየት ብሎ ግን የግርማ ስልኮች ሁሉ ያችን ነገር ይዘው ገበያ ወጡ። በዚያ ላይ ግርማ የራሱን ነገር ጨምሮባት «አዲስ ፈጠራ» ብሎ ያስተዋውቅ ጀመር። ናሆም ሲጠይቀው «ያንተን ለውጬዋለሁ፣ አሁን የኔ ናት» አለው። ናሆም ወደኛ መጥቶ ከሰሰ፤ ግርማ ደግሞ የናሆም ፓተንት ይሰረዝልኝ ብሎ ከሰሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የሁለት ሰዎች ኩርፊያ ነበር። ግን ርካሽ ስልክ የሚሠራ አንድ የውጭ ኩባንያ ፈጠራውን በፈቃድ ሊጠቀምበት ፈለገ። የጻፉት መልእክት አጭር ነበር፦ የማን ምን እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቁን፤ ተካሳችሁ እስክትጨርሱ አንጠብቅም። ናሆም በዚያ ወቅት ሥራ ደርቆበት ነበር። ይህ ፈቃድ ካመለጠው ቢሮውን ይዘጋል፣ ሠራተኞቹንም ይበትናል። ባለቤቱ ሕይወት ራሷ ቢሯችን መጥታ፣ ከናሆም ተደብቃ፣ «ወይዘሮ ብርቄ፣ እባክዎን፣ ሌሊት እየተነሣ ይቀመጣል» ብላ አልቅሳለች።

በመሃሉ ሽማግሌዎች ገቡ።

ሽማግሌዎቹን የላከው ግርማ ነው። ሰብሳቢያቸው አቶ በቀለ የሚባሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ አዛውንት ነበሩ። ናሆም እምቢ ሊላቸው አልቻለም፤ ማን ይችላል? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦሌ የግርማ ቤት ተሰበሰብን። እኛም «የናሆም ሰዎች» ተብለን ተጠራን። ወይዘሮ ብርቄ ነጭ ለብሰው መጡ፤ አምሮባቸው ነበር።

እርቁ እንዴት እንደሚያምር እንዴት ልንገራችሁ! አቶ በቀለ ማን አጠፋ የሚል ነገር አላነሡም። አብሮ ስለማደግ፣ ሚዜ ስለመሆን፣ ስለ ልጆቻቸው ተናገሩ። ግርማ ቀድሞ ተነሥቶ የናሆም ጉልበት ላይ ወደቀ። ናሆም አንሥቶ አቀፈው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባባሉ። የግርማ እናት እልል አሉ፣ ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሕይወት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ አፍንጫዬን እየጠራረግኩ ነበር። ምግቡ ተደርድሮ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

ወይዘሮ ብርቄ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ ማዕዱ ሳይቀርብ ወሰኑን እንጻፍ።»

አቶ በቀለ አልገባቸውም። «የምን ወሰን፣ ልጄ?»

«የፈጠራውን፣ አባቴ። የናሆም እስከ የት ድረስ እንደሆነ፣ ግርማስ ምን እንደተፈቀደለት።»

«ከታረቁ በኋላ? ወረቀት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኛ አገር ይቅር ከተባባሉ በኋላ ወረቀት መጠየቅ፣ ሽማግሌውን ፊት ለፊት «አላመንኩዎትም» ማለት ነው። እልል ያሉት ሴትዮ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ናሆም በሐፍረት ቀላ።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ በቃ ይተዉት። ወንድሜ ነው፣ ታርቀናል።»

«እሺ፣ እተወዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ልቀመጥ። ይቅር የተባለው ምኑ ነው?»

«ክሱ ነዋ!» አሉ አቶ በቀለ።

አጠገባቸው የተቀመጡት የግርማ የንስሐ አባት «ያለፈው በደል ሁሉ» አሉ።

«ኧረ ፈጠራውም ነው እንጂ» አለ ግርማ፣ ከልቡ ደስ እንዳለው። «እንግዲህ እኔም እንዳሻኝ እሠራበታለሁ። ወንድሜ ፈቅዶልኛል።»

ናሆም ዞረ። «ኧረ መቼ ነው የፈቀድኩልህ?»

«አሁን አቅፈኸኝ የለ?»

«ያቀፍኩህ ስለወደቅክ ነው!»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርከውም። ማንም አልበላም። ናሆም ሚስቱን ይዞ ወጣ፣ ግርማ በሩ ድረስ እየጮኸ ተከተለው። አቶ በቀለ ምርኩዛቸውን ይዘው ሲነሡ ወይዘሮ ብርቄን «የታረቀ አጣላሽ፣ ልጄ» አሏቸው። ሳይጮኹ ነው ያሉት፤ እሱ ባሰ።

መኪና ውስጥ ገብተን ብዙም ሳንርቅ ናሆም ደወለ። ከእንግዲህ ጠበቃዬ አይደሉም አላቸው። «እሺ» ብለው ዘጉ። እኔ ግን አልቻልኩም፤ ፈነዳሁ።

«ምናለ ምሳ እስኪበላ ቢጠብቁ? እንዴት ሰው እንዲህ ልበ ደረቅ ይሆናል?»

ወደ ኦሎምፒያ መታጠፍ ሲገባቸው አልታጠፉም፤ ቡልቡላ ወሰዱኝ። ከኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አቧራማ ሜዳ አጠገብ አቆሙ።

«የአባቴ እርሻ እዚህ ነበር» አሉ። «ከዚያ በኩል የጎረቤታችን የኦቦ ዋቆ። አባቴና እሳቸው በድንበር ተጣልተው እኔ ልጅ ሆኜ ሽማግሌ አስታረቃቸው። ድንጋይ ሊተከል ነበር። በግ ታርዶ፣ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት፣ አሁን ድንጋይ እንትከል ማለት ነውር ሆነ። ነገ ይተከላል ተባለ። ምሳ እስኪበላ ጠብቀን ነበር፣ ማርታ።»

ኳሱ መጥቶ ጎማችንን መታ፤ አንዱ ልጅ ይቅርታ ብሎ ወሰደው።

«መሬቱ ለቤት ሲፈለግ ለኪዎቹ መጥተው አባቴን እስከ የት ነው ያንተ አሉት። አሳየ። ኦቦ ዋቆም አሳዩ። ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚያስታውሱትን ነው ያሳዩት። ከዚያ ቀን በኋላ አልተነጋገሩም። አባቴ ሲሞት ኦቦ ዋቆ ቀብሩ ላይ አልቆሙም። የአንድ ደጅ ያህል ነበር የምንራራቀው።»

ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው መኪናውን አስነሡ። ለነገሩ ልበ ደረቅ ያልኳቸውን ቃል መመለስ አልችልም ነበር፤ እሳቸውም አልፈለጉትም። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ አቶ በቀለ ቤት ሄዱ፤ እኔንም አስከተሉ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ወይዘሮ ብርቄ ጉልበታቸውን ስመው ተቀመጡ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ አባቴ። ስለ ሰዓቱ ነው እንጂ ስለ ጥያቄው አይደለም።»

አቶ በቀለ ሳቃቸውን ለመያዝ ፂማቸውን አሻሹ። «ድፍረትሽ!»

«የድንበር ጠብ ሲኖር ሽማግሌ ምን ያደርጋል?»

«እርሻው ላይ ወጥቶ ድንበሩን ይሄደዋላ። ከዚያ ምልክት ያቆማል።»

«እንግዲያው የኛንም ድንበር ይሂዱልን። ወረቀቱን እኔ ስጠይቅ ነውር ነው። እርስዎ ከጠየቁ ግን ፍርድ ነው።»

«ስልክ ላይ እንዴት ተደርጎ ይኬዳል?» አሉ አዛውንቱ።

ለዚህ ነው የተፈጠርኩት አልኩ በልቤ። የናሆምን ፈጠራ ብቻ የያዙ ስልኮችና የግርማን አዲሶቹን ስልኮች አመጣሁ። ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ቀን እንደራሳቸው ስልክ ተጠቀሙባቸው። ከዚያ ቻርጅ ሳያደርጉ ይዘዋቸው የግርማ መገጣጠሚያ አዳራሽ መጡ። ናሆም ሽማግሌ ስለጠራው ብቻ መጣ፤ ወይዘሮ ብርቄን ሰላም አላላቸውም። ሁላችንም በክብ ተቀምጠን ስልክ እስኪሞት መጠበቅ ጀመርን። እንደዚያ ዓይነት ስብሰባ በዓለም ላይ የትም ተደርጎ አያውቅም፣ እምላለሁ።

ስልኮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። አቶ በቀለ መጀመሪያ የናሆምን ስልክ ቁልፍ ተጫኑ፤ ተነሣና ለማን ልደውል ብሎ ባዶ ሰሌዳ አሳያቸው። ቁጥሩን ራሳቸው መቱ፤ ጠራ። ቀጥሎ የግርማን ተጫኑ። ይኼኛው ሳይጠይቅ አብዝተው ወደሚደውሉለት ሰው ራሱ ደወለ። ሁላችንም ባለቤታቸውን ጠብቀን ነበር። ከስልኩ ውስጥ ግን «አቤት ጋሽ በቀለ! ዛሬስ ጥሬውን ነው ጥብሱን?» የሚል የሥጋ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ወጣ።

ንስሐ አባትየው ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ፤ ጾም ነበር እኮ። አቶ በቀለ ስልኩን ገልብጠው «ይሄ ዕቃ ሰላይ ነው» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ናሆም ተነሣ። «አያችሁ? ሁለቱም የኔ ናቸው። መነሣቱም፣ መደወሉም።»

«መነሣቱ ያንተ ነው» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ከተቀመጡበት። «የሚደውልለትን ሰው መምረጡ ግን ያንተ አይደለም። ያስመዘገብከው ውስጥም የለም፣ ስልክህም አያደርገውም።»

«ጠበቃዬ ነበሩ እኮ!»

«ነበርኩ። ዛሬም ብሆን ሌላ አልልም።»

ናሆም ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም ግርማ ፊት። ግርማ ፈገግ ሊል ሲል ወደሱ ዞሩ።

«አንተ ደግሞ የሱን አውጣና ያንተን ብቻ አስነሣልኝ።»

ግርማ የድርጅቱን ኢንጂነር አየ፤ ኢንጂነሩ መሬት አየ። የናሆም ከወጣ ስልኩ የሞተ ነው፤ የሞተ ስልክ ማንንም አይመርጥም። አቶ በቀለ የጠፉትን ስልኮች በሁለት ከፍለው መሬት ላይ አስቀመጡና ምርኩዛቸውን መሃላቸው አጋደሙ።

«ድንበሩ ይኸው። ጻፉት። አንዳችሁ ያለ አንዳችሁ መንገድ የላችሁም።»

እዚያው ተጻፈ። ናሆም ለግርማ፣ ግርማም ለናሆም ፈቃድ ሰጡ። እያንዳንዷን ቃል ወይዘሮ ብርቄ «እስከ የት ድረስ?» እያሉ አስጻፉን፤ ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈረሙ። እልልታ አልነበረም። የውጭው ኩባንያ ከሁለቱም ጋር ውል ገባ፤ የናሆም ቢሮ ሳይዘጋ ቀረ።

ናሆም ግን ለወይዘሮ ብርቄ ዳግመኛ አልደወለላቸውም። ለበዓል ለሁላችንም መልካም ምኞት ሲልክ ለሳቸው አይልክም። ቢሮ ውስጥ ይህን የምናውቅ ሁሉ እናዝን ነበር፤ እሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰነድ እያገላበጡ ቀና ሳይሉ «የናሆም ሠራተኞች አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁሉም አሉ፣ እንዲያውም ጨምሯል» አልኳቸው። «ጥሩ» አሉና ገጹን ገለጡ። ልባቸው ተሰብሮ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቢሰበርም በዚያ ድምፅ አይታወቅም።

ለቅሶው ቡልቡላ፣ ከእርሻው በቀረችው የቤተሰባቸው ግቢ ውስጥ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። ጠበቆች፣ ዳኞች፣ የሰፈሩ አዛውንት፣ ያች ተቀይማ የነበረችው ሙሽራ ከነባሏ። ግርማ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ታናሽ እህታቸው አጠገብ ሆኜ እያጽናናኋት ሳለ ናሆም ገባ። እኔ አይመጣም ብዬ ነበር። ጥቁር ለብሶ፣ ባለቤቱን ትቶ ብቻውን መጥቶ እህትየው ፊት ቆመ። እኔን አይቶኝ፣ መልሶ እሷን አየ።

«እህቴን የት ነው የምታውቃት?» አለችው እህትየው።

ናሆም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ሁላችሁም ያመሰገናችኋቸው ይመስለኛል። እኔ አላመሰገንኳቸውም» አለ። ጎን ለጎን ያሉት ሰዎች ያዳምጡት ጀመር። «ከግርማ ጋር ከዚያ ወዲህም ተጣልተናል። በተጣላን ቁጥር ወረቀቱን አውጥተን እናነብና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ልንገራቸው ልንገራቸው እያልኩ አፈርኩ። የኔ ያልሆነውን፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ያንተ አይደለም አሉኝ። የኔ የሆነው የቀረልኝ በዚያ ነው።»

እህትየው እጁን ያዘችው። ግርማ አግዳሚው ላይ ጠጋ አለለትና ናሆም አጠገቡ ተቀመጠ።